የምንጭ ኮድ መጋራትና የጸሐፊዎቹ ደመወዝ፤ ከ1953 እስከ 2024

መግቢያ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ሲሆን ምንጭ ኮድ ይባላል። ሁለተኛው ከዚሁ ተተርጕሞ ለመሣሪያው ብቻ እንዲገባ ሆኖ የተዘጋጀው የቍጥር ክምችት ነው። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ሰው በፕሮግራሙ ሊገለገል ይችላል፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተሠራ ለመመርመር፣ ስሕተት ቢያገኝ ለማረም፣ ለራሱም ጉዳይ እንዲስማማ አድርጎ ለማሻሻል እጅግ ይቸግረዋል። ስለዚህ ምንጭ ኮድን መስጠት ወይም መከልከል ዕውቀቱን መስጠት ወይም መከልከል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን በነጻ ይሰጣጥ ነበር፤ ኋላ ነጋዴዎች መጥተው አጠሩት፤ ከዚያም ጥቂት ቸር ሰዎች ተነሥተው አጥሩን አፈረሱት። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይኸውም ፕሮግራሙ በነጻ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የጸሐፊውን እንጀራ ማን ይችል ነበር የሚለው ጥያቄ ነው።

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪው ለመምህሩ ክፍያ ሳይከፍል ዜማውንና ቅኔውን ይማራል። ይህ ማለት ግን ትምህርቱ ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲዞር ቍራሽ የሚሰጠው መንደርተኛ አለ፤ ወጪውን የሚችለው እርሱ ነው። በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምሞክረውም በምንጭ ኮድ ታሪክ ውስጥ ይህን መንደርተኛ ማን ይሆን እንደ ነበረ ነው። ምንጭ ኮድ በነጻ በተሰጠበት ዘመን ሁሉ ወጪውን የሚሸፍን አንድ ሌላ ኪስ ነበር፤ ታላላቁ ክርክርም የተነሣው ያ ኪስ በተዘጋ ወይም በጠበበ ጊዜ ነው።

ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ዋጋው በኪራይ ውስጥ የተሰወረበት ዘመን

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር ማለት አንድ ሙሉ አዳራሽ የሚይዝ፣ መንግሥትና ታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚገዙት ወይም የሚከራዩት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ያለ ፕሮግራም ምንም የማይሠራ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ ኩባንያዎች ፕሮግራምን የሚመለከቱት ለገበያቸው እንደሚያግዝ ዕቃ እንጂ ለብቻው እንደሚሸጥ ሸቀጥ አልነበረም። በ1953 ዶክተር ግሬስ ሆፐርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ዩኒቫክ ለተባለው ኮምፒዩተር ኤ-2 የተሰኘ ተርጓሚ ፕሮግራም አዘጋጁ። ሬሚንግተን ራንድ የተባለው ኩባንያም ይህን ፕሮግራም ከነምንጭ ኮዱ ለደንበኞቹ ሲሰጥ፣ ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩለት ጠየቃቸው። የፕሮግራም ምንጭን ሰጥቶ እርማትን መቀበል ዛሬ አዲስ ነገር መስሎ ቢታይም፣ እነሆ በኮምፒዩተር ንግድ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልማድ ነው።

ደንበኞቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው መረዳዳት ግድ ሆነባቸው። በካሊፎርኒያ የነበሩት የአውሮፕላን ፋብሪካዎች አይቢኤም ሠርቶ ያከራያቸውን 701 የተባለ ኮምፒዩተር በያዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ያንኑ የሒሳብ ፕሮግራም ለየብቻው ይጽፍ ነበር። የሳይን፣ የሎጋሪዝም፣ የካሬ ሥር ማውጫው በአንዱ ቤት ተጽፎ ሲያልቅ በጎረቤቱ ቤት ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህ ብክነት ያሳሰባቸው ባለሙያዎች፣ 704 የተባለው አዲሱ ኮምፒዩተር በሚመጣበት ዋዜማ፣ በነሐሴ ወር 1955 በሳንታ ሞኒካ ከተማ በራንድ ኮርፖሬሽን ተሰብስበው ሼር የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ስም ራሱ «ተጋራ» ማለት ነው። አባሎቹ የጻፉትን ወደ ማኅበሩ ይልካሉ፤ ማኅበሩም ለሁሉም ያዳርሳል።

እነዚህ ፋብሪካዎች በገበያ ተወዳዳሪዎች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። በአውሮፕላን ሽያጭ የሚፎካከሩ ሰዎች ፕሮግራም ለመለዋወጥ እንዴት ተስማሙ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ የሚሸጠው አውሮፕላን እንጂ ፕሮግራም አይደለም። የካሬ ሥር ማውጫን ለባላንጣ መስጠት ክንፍን ወይም ሞተርን ለባላንጣ እንደ መስጠት አይደለም። አይቢኤምም በበኩሉ ደስ አለው እንጂ አልተቈጣም፤ ፕሮግራም በበዛ ቍጥር የሚከራይ መሣሪያ ይበዛልና። በጆን ባከስ መሪነት የተሠራውና በ1957 የወጣው ፎርትራን የተባለው ቋንቋም ለ704 ተጠቃሚዎች የቀረበው ለብቻው ዋጋ ሳይቈረጥለት ነው።

ነገር ግን ሥራው እየከበደ ሄደ። አይቢኤም በሚያዝያ 1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ሲያስታውቅ፣ ለእነርሱ የሚሆን አንድ ታላቅ የሥርዓት ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበረበት። የሥራው መሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ ኋላ እንደ ጻፉት፣ ሥራው በተፋፋመበት ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰዎች የተሰለፉበት ሲሆን፣ ከ1963 እስከ 1966 ድረስ የፈጀው ጕልበት አንድ ሰው 5,000 ዓመት ቢሠራ ከሚደክመው ጋር ይተካከላል። ደንበኛው ይህን ሁሉ «በነጻ» ያገኝ ነበር። በእውነቱ ግን ዋጋው በመሣሪያው ኪራይ ውስጥ ተሰውሮ ይከፈል ነበር።

፪. የ1969 መለያየት

የተሰወረ ዋጋ ለከፋዩ አይታየውም፤ ለተወዳዳሪ ግን መሰናክል ነው። ማርቲን ጎትስ በኒው ጀርዚ ክፍለ አገር በሚገኝ አፕላይድ ዳታ ሪሰርች በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ይህ ኩባንያ መሣሪያ አይሠራም፤ የሚያገኘው ገቢ ከፕሮግራም ብቻ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኦቶፍሎ የተባለ፣ የአንድን ፕሮግራም አካሄድ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም አውጥቶ ለተጠቃሚዎች መሸጥ ጀመረ። ሆኖም ደንበኞች ተመሳሳይ ፕሮግራም ከአይቢኤም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማግኘት ይችሉ ስለ ነበረ ለመግዛት ያመነቱ ነበር። ሌላው በነጻ የሚሰጠውን ዕቃ በገንዘብ መሸጥ ለማንም ነጋዴ አስቸጋሪ ነው። ጎትስ መብታቸውን ለማስከበር በሕግ በኩል ሄዱ፤ በ1968 ለአንድ የመረጃ መደርደሪያ ዘዴ ፓተንት አገኙ፤ ይህም በአሜሪካ ለሶፍትዌር የተሰጠ የመጀመሪያው ፓተንት ተብሎ ይጠቀሳል። ኩባንያቸውም በ1969 አይቢኤምን ከሰሰ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት አይቢኤም ገበያውን በብቸኝነት ይዟል ሲል ትልቅ ክስ መሥርቶ ነበር። ኩባንያው በሰኔ 23 ቀን 1969 አዲስ ደንብ አወጣ። ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ መሣሪያው፣ ትምህርቱ፣ የምሕንድስና እርዳታውና 17 ያህል ፕሮግራሞች በየራሳቸው ዋጋ እንዲሸጡ ተወሰነ። በዚህም ምክንያት የመሣሪያው ዋጋ 3 በመቶ ብቻ ተቀነሰ። ቅናሹ ፕሮግራሙ ያስወጣ ከነበረው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው ብለው ብዙ ደንበኞች አጕረመረሙ።

ይህ ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ፕሮግራም ጽፎ በግልጽ ዋጋ መሸጥና መኖር የሚቻልበትን በር ከፈተ፤ የፕሮግራም ኩባንያዎች ንግድ የሰፋው ከዚህ ወዲህ ነው። በሌላ በኩል ፕሮግራም ሸቀጥ ሲሆን ምንጩ የንግድ ምስጢር ሊሆን ግድ ነው። ለውጡ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። አይቢኤም ራሱ ምንጭ ኮድን ከፕሮግራም ጋር መስጠቱን እስከ 1980ዎቹ ድረስ በብዙ ቀጥሏል። በ1983 ለአዳዲስ ፕሮግራሞቹ ለመሣሪያው የተዘጋጀውን መልክ ብቻ እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የሼር ማኅበር አባሎች ነበሩ።

፫. የስልክ ኩባንያውና ዩኒቨርሲቲዎቹ

ሁለተኛው ኪስ የስልክ ኩባንያ ኪስ ነው። ኤቲኤንድቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በነበረው ክርክር በ1956 በፍርድ ቤት በተመዘገበ ስምምነት ከመገናኛ በቀር በሌላ ንግድ እንዳይገባ ታግዶ ነበር። የዚሁ ኩባንያ ምርምር ክፍል የሆነው ቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንትን ቀጥሮ በሰፊው ያስመረምር ነበር። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ዩኒክስ የተባለውን የሥርዓት ፕሮግራም የጀመሩት በዚሁ ቤት ነው። በሐምሌ 1974 ስለዚህ ሥራ የጻፉት ጽሑፍ በታወቀ መጽሔት ላይ በወጣ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጣቸው ጠየቁ።

ኩባንያው ፕሮግራም ነጋዴ እንዳይሆን ስለ ታገደ፣ ለዩኒቨርሲቲዎች በአነስተኛ ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ በፈቃድ ሰጣቸው፤ እርዳታና እርማት ግን ከእኔ አትጠብቁ አላቸው። ይህ ቃል የስስት ይመስል እንጂ ውጤቱ ሌላ ሆነ። የሚረዳቸው ሲያጡ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርሳቸው መረዳዳት ጀመሩ። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላየንስ የተባሉ መምህር የዩኒክስን እንብርት ምንጭ ኮድ አትመው፣ በየመሥመሩ ማብራሪያ ጽፈው በ1970ዎቹ አጋማሽ ለተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ አደረጉት። በበርክሌይ ቢል ጆይ የተባለ ተማሪ የራሱንና የጓደኞቹን ማሻሻያ ሰብስቦ በ1978 በቴፕ ማሠራጨት ጀመረ፤ ከ1980 ወዲህም የበርክሌይን ሥራ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት ደጐመው።

እዚህ ላይ ከፋዮቹን ብንቈጥር፣ የስልክ ደንበኛው፣ የዩኒቨርሲቲው በጀትና የጦር ሚኒስቴሩ ናቸው። ቶምሰንና ሪቺ የዘወትር ደመወዝ ስለ ነበራቸው ከዩኒክስ ሽያጭ የሚጠብቁት እንጀራ አልነበረም። ነገር ግን ዩኒክስ ዋጋ እንዳለው ኩባንያው እየተረዳ ሄደ። በ1979 የወጣው የሰባተኛው እትም ፈቃድ ምንጭ ኮዱ በክፍል ውስጥ ለማስተማር እንዳይውል ከለከለ። የላየንስ መጽሐፍም በይፋ መሠራጨቱ ቀርቶ ተማሪዎች በፎቶ ኮፒ እያባዙ በድብቅ የሚያነቡት ሆነ። በ1984 የስልክ ኩባንያው ሲከፋፈልና እገዳው ሲነሣለት ዩኒክስን በግልጽ ነገደበት።

የዚህ ክልከላ ውጤት ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጕም አለው። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሩ ታነንባውም ምንጩን ማስተማር ስለ ተከለከሉ፣ ከቤል ላቦራቶሪ አንድ መሥመር ሳይወስዱ ሚኒክስ የተባለ አነስተኛ ሥርዓት ራሳቸው ጽፈው በ1987 ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር አወጡት። ከአራት ዓመት በኋላ ሊኑክስን የጀመረው ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ ተምሯል። እንግዲህ በክፍል ውስጥ ምንጩን ማስተማር የከለከለ ፈቃድ በተዘዋዋሪ መንገድ የተወዳዳሪውን አስተማሪ ወለደ ማለት ይቻላል።

፬. የሁለት ዶላሩ ክርክር

እስካሁን ያየናቸው ጸሐፊዎች ሁሉ ከአንድ ትልቅ ድርጅት ደመወዝ የሚበሉ ናቸው። በ1975 አልቴር የተባለ አንድ ሰው በቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል ኮምፒዩተር ለገበያ ሲቀርብ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ገዥው ግለሰብ ነው፤ ጸሐፊውም ግለሰብ ነው፤ በመካከላቸው ወጪውን የሚችል ድርጅት የለም። ቢል ጌትስ፣ ፖል አለንና ሞንቲ ዴቪዶፍ ለዚህ ኮምፒዩተር ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ጻፉ። ፕሮግራሙ ግን በቀዳዳ ወረቀት ላይ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

የ20 ዓመቱ ጌትስ በየካቲት 1976 ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች የግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ለሥራው የተጠቀሙበት የኮምፒዩተር ሰዓት ዋጋ ከ40,000 ዶላር እንደሚበልጥ፣ ከአልቴር ባለቤቶች ግን ቤዚክን የገዙት ከ10 በመቶ እንደሚያንሱ፣ ያገኙት ገቢ ለደከሙበት ጊዜ ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 2 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ገለጠ። አብዛኞቹን አፍቃሪዎችም ሌቦች ናችሁ አላቸው። የደብዳቤው ጥያቄ ባጭሩ፣ ያለ ዋጋ የባለሙያ ሥራ ሊሠራ የሚችል ማን ነው የሚል ነበር።

ደብዳቤው ቍጣን አስነሣ። ይሁን እንጂ ከቍጣው ይልቅ የሚጠቅመን የተሰጠው የሥራ መልስ ነው። በዚያው ዘመን ታይኒ ቤዚክ የተባለ አነስተኛ ቋንቋ አሠራሩና ምንጭ ኮዱ በመጽሔት እየታተመ ለሁሉም ተሰጠ። ቶም ፒትማን የተባሉ ባለሙያም የራሳቸውን በ5 ዶላር ሸጡ፤ ዋጋው ካነሰ ሰው ከመስረቅ ይልቅ ይገዛል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በ1982ና ከዚያም በኋላ አንድሩ ፍሉገልማንና ጂም ኖፍ «ቅዳና ለወዳጅህ ስጥ፤ ከጠቀመህ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል ዘዴ አመጡ። ቦብ ዋላስም በዚሁ መንገድ ሄደው የጽሕፈት ፕሮግራማቸውን በ75 ዶላር ሲያስመዘግቡ፣ ፕሮግራሙን ቀድቶ ላስተዋወቀው ሰው 25 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ጌትስ ሌባ ያለውን ሰው ዋላስ ደላላ አደረገው ማለት ነው። ይህ ዘዴ ግን ቅጂውን እንጂ ምንጭ ኮዱን ማጋራትን ግድ አላደረገም።

፭. ነጻነት እንጂ ነጻ ዋጋ አይደለም

ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። በዚያ ቤት የአንዱ ጽሑፍ የሁሉ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የላቦራቶሪው ባለሙያዎች አብዛኞቹ ወደ አዳዲስ ኩባንያዎች ሲሄዱ ማኅበሩ ተበተነ። ስቶልማን በመስከረም 1983 ግኑ የተባለ ሙሉ ሥርዓት እንደሚጽፉ አስታወቁ፤ በጥር 1984ም ተቋሙ በጽሑፋቸው ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳያነሣ ሥራቸውን ለቀቁ።

ሥራ የለቀቀ ሰው መብላት አለበት። ስቶልማን በ1985 ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራማቸውን በቴፕ ለሚፈልግ ሰው በ150 ዶላር ይሸጡ ጀመር። ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተር መረብ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻል ነበር፤ የሚከፍለው ቴፕ የፈለገ ነው። በዚያው ዓመት የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1989ም ጄኔራል ፐብሊክ ላይሰንስ የተባለው ፈቃድ ወጣ። ይህ ፈቃድ የቅጂ መብት ሕግን ገልብጦ የተጠቀመበት ነው። ፕሮግራሙን የያዘ ሁሉ ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያከፋፍለው ይችላል፤ የሚያከፋፍል ሰው ግን ይህንኑ መብት ከነምንጭ ኮዱ ለተቀባዩ ማሳለፍ ይገባዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ፈቃድ በፕሮግራም ገንዘብ መቀበልን አልከለከለም። የከለከለው ገንዘብ የከፈለውን ሰው እንደ ገና ማሰርን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ገዥ ለሌላው በነጻ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቅጂ በመሸጥ ብቻ መኖር አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ የሚሸጠው ዕቃ ሌላ መሆን ነበረበት። በ1989 ማይክል ቲማንና ሁለት ባልንጀሮቹ ሲግነስ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው የሰዎቹን ዕውቀት መሸጥ ጀመሩ፤ ፕሮግራሙ ለሁሉም ነው፤ ለእናንተ መሣሪያ ማስማማቱና መጠገኑ ግን በክፍያ ነው አሉ። ከዚህ የተለየ መንገድም ተገኘ። አንዱን ፕሮግራም ለሚያጋራ ሰው በነጻ፣ ምንጩን መሰወር ለሚፈልግ ኩባንያ ግን በገንዘብ መስጠት ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የስዊድን ኩባንያ በዚህ መንገድ አድጎ በ2008 በ1 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል።

፮. ከተማሪው ክፍል እስከ 34 ቢሊዮን ዶላር

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ኮምፒዩተሩን የገዛው በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ነው። የጻፈውን የሥርዓት እንብርት ሊኑክስን በመረብ ላይ ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ፈቃዱ በእርሱ ገንዘብ ማግኘትን ፈጽሞ የሚከለክል ነበር። ነገር ግን ዲስክ ቀድተው የሚያከፋፍሉ ሰዎች ወጪያቸውን እንኳ ለመመለስ ስለ ተቸገሩ፣ በ1992 መጀመሪያ ወደ ስቶልማን ፈቃድ ለወጠው። የወጣቱንም የኮምፒዩተር ዕዳ ተጠቃሚዎች ገንዘብ አዋጥተው አቃለሉለት። ኪሱ በዚህ ጊዜ ጥቂት ዶላር ያዋጡት ወዳጆችና ተማሪን ያለ ክፍያ የሚያስተምረው የፊንላንድ መንግሥት ነበሩ ማለት ነው።

ገንዘብን የከለከለው ፈቃድ መነሣቱ ታላቅ ውጤት አመጣ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ሊኑክስን አዘጋጅቶና ኀላፊነት ወስዶ ለድርጅቶች አቀረበ። በነሐሴ 1999 አክሲዮኑን በ14 ዶላር ለሕዝብ ሲያቀርብ በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ታላላቅ ኩባንያዎችም በየራሳቸው ምክንያት ለሊኑክስ የሚጽፉ ሠራተኞች ቀጠሩ። ዛሬ በሊኑክስ እንብርት ላይ ከሚጨመረው ጽሑፍ አብዛኛው ደመወዝ በሚከፈላቸው ባለሙያዎች የሚሠራ ነው።

በ2019 በሐምሌ ወር አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ፕሮግራምን ከመሣሪያ ለይቶ መሸጥን ባስታወቀ ልክ በ50 ዓመቱ፣ ያው ኩባንያ ማንም ሰው ምንጩን ሊያገኝ በሚችለው ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ንግድ ለመያዝ ይህን ያህል ገንዘብ አወጣ። ይህን የአጋጣሚ ነገር ብለን ብናልፈው ደግ አይደለም። የአውሮፕላን ፋብሪካዎቹ በ1955 የተስማሙበት ምክንያት ተመልሶ መጣ፤ ፕሮግራም ዋና ሸቀጣቸው ያልሆነ ድርጅቶች የጋራውን ጽሑፍ በጋራ መሥራት ይረክስላቸዋልና።

፯. ሸክሙ የማን ነው?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ፍጻሜው ያማረ በሆነ ነበር። ነገር ግን ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሉት ለሚታያቸው ነገር ነው። ከሥር ተቀብረው ሁሉ የሚቆምባቸው፣ ማንም ግን ስማቸውን የማያነሣቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ናቸው።

በሚያዝያ 2014 ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ሃርትብሊድ የተሰኘ ከባድ ስሕተት መኖሩ ታወቀ። ይህ ፕሮግራም በመረብ ላይ የሚተላለፍ ምስጢር፣ የባንክ ሒሳብና የይለፍ ቃል ሳይቀር፣ እንዳይነበብ የሚጠብቅ ነው። ስሕተቱ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ቆይቷል። ነገሩ ሲመረመር ይህን ታላቅ አጥር ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ፣ ከሕዝብ የሚገኘውም ስጦታ በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ታላላቅ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ። በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለው ፕሮግራም ሌላ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ሌሊትና ቀን ደክመው የደፈኑት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

የ2024ቱ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ኤክስዜድ የተባለውን የመረጃ መጭመቂያ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ለብዙ ዓመት የያዘው አንድ ሰው ነበር። ሥራው እንደ ከበደው እየታወቀ ሳለ፣ ለምን አትፈጥንም የሚሉ ደብዳቤዎች ጐረፉበት፤ በዚያው ጊዜ እረዳሃለሁ ባይ አንድ ሰው ቀረበው። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየሠራ እምነት ካገኘ በኋላ የተሰወረ መግቢያ በር በፕሮግራሙ ውስጥ አኖረ። በመጋቢት መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ፣ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲገቡ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አስገርሟቸው ሲመረምሩ ደረሱበት። እርሳቸው ሊደርሱበት የቻሉት ምርመራውን የሚያካሂዱበት ምንጭ ኮድ ክፍት በመሆኑ ነው፤ አደጋው የደረሰው ግን ምንጩ ክፍት በመሆኑ ሳይሆን ጠባቂው ብቻውን በመሆኑ ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በምንጭ ኮድ ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጌጡ ለሃምሳ ሚሊዮን ሰው ሆኖ ሸክሙ ለአንዱ ቀርቷል። ይህን ለማቃለል የተጀመሩ ሙከራዎች አሉ። ጊትሃብ በ2019 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ስጦታ የሚሰጥበት መንገድ ከፈተ፤ የጀርመን መንግሥትም በ2022 ለእንዲህ ያሉ የጋራ ፕሮግራሞች የሚውል የድጎማ ገንዘብ አቋቋመ። ሌሎች ኩባንያዎች ግን ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። እኛ የጻፍነውን ታላላቆቹ ኮምፒዩተር አከራዮች ያለ ክፍያ ይነግዱበታል ሲሉ፣ በ2018 ሞንጎዲቢ፣ በ2023 ሃሺኮርፕ ፈቃዳቸውን ለውጠው አጠበቁ።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል ከፋዩ በየዘመኑ ሲለዋወጥ እናያለን። መጀመሪያ የመሣሪያው ተከራይ፣ ቀጥሎ የስልክ ደንበኛና ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ቅጂ ገዥው፣ ኋላም ጥገና ፈላጊው ድርጅት ከፍሏል። ማንም ያልከፈለበት ዘመን ግን አልተገኘም፤ ከፋይ የጠፋ በመሰለበት ቦታ ሁሉ የከፈለው ጸሐፊው ራሱ በእንቅልፉና በጤናው ነው።

ስለዚህ የጌትስና የስቶልማን ክርክር ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የስስትና የቸርነት ክርክር ብቻ አይመስለኝም። ጌትስ ደመወዙ ከየት ይምጣ ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መልሱ ግን ምንጩን በመሰወር ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ስቶልማን ምንጩ የሁሉ ይሁን ማለታቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ፈቃዱ መብትን ያከፋፍላል እንጂ ሸክምን አያከፋፍልም። ሕጉ ምንጩን ክፍት ያደርጋል፤ ምንጩን የሚጠርገውን ሰው ግን አይመግብም።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። በአንድሮይድ ስልክ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ የሚገለገለው በሊኑክስ እንብርት ነው፤ በየላቦራቶሪያችን የምንሠራባቸው የጥናት ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ ምንጫቸው ክፍት ነው። የምንከፍለው ገንዘብ ባይኖረን እንኳ ያገኘነውን ስሕተት በሥርዓቱ ጽፎ መላክ፣ ማብራሪያ መጻፍ፣ እርማት መስጠት እንችላለን። በ1953 የዩኒቫክ ደንበኞች የተጠየቁት ይኸው ነበር። የገንዘቡን ጉዳይ ግን የተማሪ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይፈታውም፤ በጋራ ጽሑፍ የሚነግዱና የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ለጠባቂው በስም ለይተው በጀት እስካልያዙለት ድረስ፣ ከኤክስዜድ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።